የጋሽ ዘርኣይን ነሐስ ያጠብኩ ቀን

ሰው በቆሸሸ እጁ ሲወቀስ ሰምታችሁ ይሆናል። እኔ የተወቀስኩት በንጹሕ እጄ ነው። ወቀሳው ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ለወራት ከአምስተርዳም እስከ ዘ ሄግ ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ «ሌባው» እየተባልኩ ከርሜአለሁ። ሌባ አይደለሁም። ይህን ለማስረዳት ግን ሞኝ መሆኔን በሰው ምስክር ማረጋገጥ ነበረብኝ፤ እሱም ያለ ብዙ ችግር ተረጋገጠ። ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ።

ያኔ የምንኖረው ሮተርዳም፣ ዴልፍስሃቨን፣ ከአሮጌው ወደብ ትንሽ ገባ ብሎ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። የሆላንድን ደረጃ የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ ደረጃ አይባልም፣ መሰላል ነው። ሥራዬ ጽዳት ነበር። ዝም ብሎ መጥረግ አይምሰላችሁ፤ ኮርስ ወስጄ፣ ለእብነ በረድ የትኛው ሳሙና፣ ለነሐስ የትኛው ፈሳሽ እንደሚስማማ ተፈትኜ፣ ፎቶዬ ያለበት ዲፕሎማ ተሰጥቶኛል። አገር ቤት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ያገኘሁት ወረቀት የት እንደገባ አላውቅም፤ ይኼኛው ግን በመስታወት ተገጥሞ ሳሎን ተሰቅሏል። ፊት ለፊቱ ሶፋው አለ። ደክሞኝ ስገባ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ።

ባለቤቴ ሂሩት አቅመ ደካሞችን በየቤታቸው እየዞረች ትንከባከባለች። ጴንጤ ናት። እሑድ እሑድ ሠላሳ የማይሞሉ ሰዎች በሚከራዩት የትምህርት ቤት አዳራሽ ታመልካለች፤ እኔም አብሬያት ሄጄ ከበሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ እናቴ ድንገት ብታየኝ ለመውጣት እንዲመቸኝ። እናቴ ደብረ ማርቆስ ናት፤ ቢሆንም ሰው አይታወቅም። ሂሩት ሁለት ነገር አትወድም፦ ውሸትና ምስል። አንድ የሱሪናም ተወላጅ የሥራ ባልደረባዬ ከእንጨት የተቀረጸ ዝሆን ለልደቴ ቢሰጠኝ፣ ሳሎን ሳይገባ ከነወረቀቱ መልሳዋለች።

ጋሽ ዘርኣይን ያገኘኋቸው አምስተርዳም፣ ዋተርሎፕላይን በሚባለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው። አንድ ሻጭ የመስቀል ቅርጽ ያለው ጥቁር ብረት እያገላበጠ «ቢዛንታይን» ይለኛል። ቢዛንታይን ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ቃሉ ግን ከበደኝ፤ ከባድ ቃል ሰምቼ ሳልገዛ ማለፍ ደግሞ አልችልም። ገዝቼ ዞር ስል የመርከበኛ ካፖርት የለበሱ፣ የሱፍ ቆብ ያጠለቁ ሽማግሌ አጠገቤ ቆመዋል።

«ልጄ፣ ምን ብሎ ሸጠልህ?» አሉኝ በአማርኛ።

«የጥንት መስቀል ነው።»

ተቀበሉኝና መዘኑት። «የጋዝ ምድጃ ነው። ድስት የሚቀመጥበት። እኔም ቤት አለ።»

ትውውቃችን ይኸው ነው። ጋሽ ዘርኣይ የምጽዋ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ለገሃር አካባቢ ሰባት ዓመት በመካኒክነት ሠርተው፣ ከዚያ መርከብ ላይ ወጥተው፣ ሠላሳ ዓመት በሞተር ክፍል ውስጥ ዘይት ለብሰው ዓለምን ዞሩ። ጡረታ ሲወጡ አምስተርዳም ዳር፣ ቢልመር፣ አሥረኛ ፎቅ ላይ አረፉ። አገራችን ሁለት ስትሆን እንኳ የእኔና የእሳቸው ቅዳሜ ለሁለት አልተከፈለም፤ ስድስት ዓመት ሙሉ በየገበያው አብረን ዞርን። እሳቸው ያያሉ፤ እኔ አያለሁ ብዬ እሳቸውን አያለሁ። እሳቸው አንድ ነገር ለመግዛት ዓመት ይፈጅባቸዋል። እኔ በየሳምንቱ እገዛ ነበር። በስድስት ዓመት ከሰበሰብኩት ሁሉ እሳቸው «ይኼስ እውነተኛ ነው» ያሉኝ አንድ የመጋረጃ ቀለበት ነው፤ እውነተኛ የመጋረጃ ቀለበት ነው ማለታቸው ነበር።

የእሳቸው ስብስብ መስኮታቸው ደፍ ላይ የተደረደረ አሥራ ሰባት ዕቃ ነው። ቁስጥንጥንያ የዓለም እንብርት በነበረችበት፣ ቢዛንታይን በሚባለው ዘመን ተራ ሰው የተጠቀመባቸው ነገሮች ናቸው፤ መርከባቸው እስክንድርያ፣ ቤይሩት፣ ኢዝሚር ሲቆም ከየወደቡ ሱቅ የለቀሟቸው። ወርቅ የለበትም። አንድ ማንኪያ አለ፤ የሸክላ ኩራዝ አለ፣ አፉ ላይ ያ ጥንት የነደደው ክር ያጠቆረው ጥላሸት እንዳለ ነው፤ አንገት ላይ የሚንጠለጠሉ ትናንሽ የነሐስ መስቀሎች አሉ፤ በጣት የሚጠለቅ ቁልፍ አለ። ከሁሉ በላይ የሚወዷት መዳፍ የምታህል ጠፍጣፋ የሸክላ ኮዳ ነበረች። ላይዋ ላይ ቅዱስ ሚናስ በሁለት ግመሎች መካከል እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ተሳላሚ እስክንድርያ አጠገብ ካለው መቃብሩ ዘይት ወይም አፈር፣ እኛ እምነት የምንለውን፣ ቀድቶባት ይመለስ ነበር። የጋሽ ዘርኣይ ኮዳ ወዝወዝ ስትደረግ ውስጧ ሽው ይላል። አፈሩ አለ።

አንድ ቀን ያንን ቁልፍ ትንሿ ጣታቸው ላይ አጥልቀው፣ «አየህ፣ አንዲት ሴት በሯን ቆልፋ ወጣች» አሉኝ። «በሩ ሄደ። ቤቱ ሄደ። የከተማው ስም ራሱ ተለወጠ። ቁልፏ እኔ ዘንድ ነው።»

«ለምን የነገሥታቱን ዕቃ አይፈልጉም?» አልኳቸው።

«ንጉሥ ቤት አያጣም።» ቁልፉን ከጣታቸው አወለቁት። «ምጽዋ ቤታችን ሲመታ እኔ ባሕር ላይ ነበርኩ። ስመለስ ቦታውን በባሕሩ ርቀት ነው የለየሁት። የእናቴን ማንኪያ እንኳ አላገኘሁም። ስለዚህ የሰው እናት ማንኪያ ገዛሁ።»

ይህን የነገርኳችሁ ኋላ ያደረግሁትን ስትሰሙ ምን ላይ እንዳደረግሁት እንድታውቁ ነው።

በስድስተኛው ዓመት በጥር ወር ጋሽ ዘርኣይ በረዶ አዳልጧቸው ዳሌአቸው ተሰበረ። ሆስፒታል ሄጄ ስጠይቃቸው ከሕመሙ ይልቅ ያስጨነቃቸው ሌላ ነገር ነበር። የሚኖሩበት ሕንጻ ሊፈርስ ነው፤ ነዋሪው እየለቀቀ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ከሆስፒታል ሲወጡ ዘ ሄግ የእህታቸው ልጅ ለተኪዳን አጠገብ ወዳለ የአረጋውያን መኖሪያ ይገባሉ። እስከዚያ ግን ስድስት ሳምንት አለ።

«ዕቃዎቼን አንተ ዘንድ አድርግልኝ» አሉኝ። ለተኪዳን አጠገባቸው ቆማ ነበር፤ ገበያ ለገበያ የምንዞረውን ነገር ስለማትወደው ለእሷ አልሰጡም። እጄን ያዙኝ። «እንዳሉ አስቀምጥልኝ። እንዳሉ።»

«እንዳሉ» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ነው ያሉት። እኔ አንዱን ጊዜ ብቻ የሰማሁት ይመስለኛል።

አሥራ ሰባቱን በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ በሜትሮና በባቡር፣ ሕፃን እንደታቀፈ ሰው ሳልተነፍስ ሮተርዳም ገባሁ። አንድ ሰው ባቡር ውስጥ ቦርሳዬን በጉልበቱ ቢነካው በደች «ሕፃን ነው» አልኩት፤ ቦታውን ለቀቀልኝ። ቤት ስደርስ ሂሩት አልገባችም። ቦርሳውን አልጋ ሥር አስገባሁት። አልጋ ሥር መደበቅ በዓለም ላይ ከሁሉ የደከመ ዘዴ መሆኑን ባውቅም የተሻለ ቦታ የለንም። ሦስት ቀን ቆየ። በአራተኛው ስገባ ጋዜጣው ሁሉ ተፈትቶ አሥራ ሰባቱም የምግብ ጠረጴዛው ላይ ተሰልፈዋል፤ ሂሩት ፊት ለፊታቸው እጇን አጣምራ ተቀምጣለች።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የጋሽ ዘርኣይ አደራ ነው።»

«ምስል አለበት።»

«ማንኪያም አለበት። ማንኪያ አይመለክም።»

ማንኪያውን አነሳችና አየችው። ሂሩት አደራ የሚባል ነገር ታከብራለች፤ ታግላ ታግላ፣ «እሺ፣ እስኪወጡ ይቀመጥ» አለች። ከዚያ እጇን በጨርቅ እየጠረገች አንድ ቃል ጨመረች፦ «ግን ምን ዓይነት ቆሻሻ ነው? ከመቃብር የወጣ ይመስላል እኮ።»

ከመቃብር የወጣ መሆኑን አላሰብኩም። ያሰብኩት ዲፕሎማዬን ነው።

በማግስቱ እረፍቴ ነበር። እሷ ሥራ ሄደች። እኔ ማጠቢያው ላይ ሙቅ ውኃ ሞልቼ፣ ኮምጣጤና ጨው በጥብጬ፣ ከሥራ ቦታ ያመጣሁትን የነሐስ ማጽጃ ደርድሬ፣ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ይዤ ቆምኩ። ስለ እውነት ልንገራችሁ፤ ያን ያህል ደስ ብሎኝ የሠራሁት ሥራ የለም። አንድ ሽማግሌ ከሆስፒታል ወጥተው ንብረታቸውን ሲያብረቀርቅ ሲያዩ ይታየኛል። መስቀሎቹ ላይ የነበረው አረንጓዴ ዝገት በመጀመሪያ እምቢ አለ፤ ኋላ እንደ ቅርፊት እየተላጠ ወረደ። ሥሩ ቢጫ ሆኖ ሲወጣ ፉጨት ሁሉ ጀመርኩ። አንደኛው መስቀል ላይ ሰው የሚመስል ስስ ጭረት ነበረበት፤ ቆሻሻ መስሎኝ ጠንከር አድርጌ ፈገፈግሁት፣ ለቀቀ። የኩራዙን አፍ ጥላሸት በጥርስ ብሩሽ አነሳሁት። ኮዳዋን ወዝወዝ ሳደርጋት ሽው አለች። አፏን ወደ ታች ደፋኋት፤ ቢጫ ደቃቅ አፈር ፈሰሰ። የቀረው ግትር ነበርና ሙቅ ውኃ እየጨመርኩ ሦስት ጊዜ አለቀለቅኋት።

እምነቱን በቧንቧ አፈሰስኩት። ይህን ዓረፍተ ነገር ያኔ ብናገረው ኖሮ ምናልባት እጄ ይቆም ነበር፤ ግን እያፏጨሁ ነበር።

አባቶቻችን አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይላሉ። እኔ ለቅልቄ አላበቃሁም፤ ላሳይ ሄድኩ። በቀጣዩ ሳምንት ዘ ሄግ ዛፎች ሥር በሚዘረጋው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ጋሽ ዘርኣይን የሚያውቅ አንድ ደች ነጋዴ ነበር፤ ረዥም፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ጉንፋን የያዘው። መስቀሎቹን በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ አቀረብኩለት። ጨርቁን ገለጠ። መነጽሩን አደረገ። አወለቀ። መሐረብ አውጥቶ ተናፈጠ።

«ማን ነው ይህን ያደረገው?» አለኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩት በኩራት።

ሲያስረዳኝ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ዝገት ያልኩት የዕቃው ቆዳ ነው። ሰው የሚመስለው ጭረት ሰው ነበር፤ እጇን ወደ ላይ የዘረጋች እመቤታችን ነበረች። ጥላሸቱ ኩራዙ ለመንደዱ ብቸኛ ማስረጃ ነበር። ስለ ኮዳዋ ስነግረው ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

«ቆዳው ይመለሳል?» ስል ጠየቅሁት።

«ይመለሳል» አለ። «መሬት ውስጥ ይቀበርና ሺህ ዓመት ይጠበቃል።»

ይህን ያለው ከሐዘኑ የተነሣ ነው። እኔ ግን በባቡር ስመለስ ስሌት ጀመርኩ። ሺህ ዓመት አልነበረኝም፤ ሦስት ሳምንት ነበረኝ። በሦስት ሳምንት የሺህ ዓመቱን ትንሽ ትንሽ ቢመጣልኝስ? ኮምጣጤና ጨው ቢታከልበት፣ የአሞኒያ ማጽጃም ጠብ ቢደረግበት፣ ምናልባት ይቸኩላል።

ከሕንጻችን ጀርባ የጋራ የአትክልት ቦታ አለ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት መስቀሎቹን፣ ማንኪያውን፣ ቁልፉን በፌስታል አድርጌ፣ ጉድጓድ ቆፍሬ፣ ከኪሴ ባወጣሁት ጠርሙስ ፈሳሽ እያርከፈከፍኩ መቅበር ጀመርኩ። ምድር ቤት የሚኖሩት ባልቴት መጋረጃቸውን ገለጥ አድርገው ያያሉ። በእጄ ሰላም አልኳቸው። እሳቸውም በእጃቸው ሰላም አሉኝና ስልክ ደወሉ።

ሁለት ፖሊሶች መጡ፤ ጨዋ ልጆች ነበሩ። አንደኛው «ምን እየቀበሩ ነው?» አለኝ። እንግዲህ በደች መስቀል ክሮይስ ይባላል። ባሩድ ደግሞ ክሮይት ነው። እኔ በዚያ ብርድ፣ ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ ሆኖ፣ ጠርሙስ በእጄ ይዤ፣ «አሮጌ ክሮይት ነው» አልኩት።

ሁለቱም ወደ ኋላ ሄዱ። ባልቴቷ መስኮታቸውን ዘጉ። እኔ ያልተረዱኝ መስሎኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «በጣም አሮጌ ነው፣ ግን ጥሩ ነው፣ የቤተ ክርስቲያን ነው» አልኩ። ምድር ቤት ያሉት ሁሉ እንዲወጡ ተደረገ። በመንገዱ ሁለት ጫፍ ቀይና ነጭ ጥብጣብ ተሳበ። ሂሩት ከገበያ ስትመለስ ጥብጣቡ ጋ አስቆሟት፤ ከርቀት በጉልበቴ ተንበርክኬ እጄን ራሴ ላይ አድርጌ አየችኝ። መጀመሪያ የምጸልይ መስሏት ደስ ብሏት ነበር ብላኛለች ኋላ።

ያዳነችኝ እሷ ናት። በደች አንድ ሁለት ቃል ተናገረች፤ ፖሊሱ ሄዶ ፌስታሉን ከፈተ፤ ማንኪያውን አወጣ። ባልቴቷ ሻይ አፍልተው ለፖሊሶቹ ሰጡ። ለእኔ አልሰጡኝም። ነሐሱ ሲወጣ አረንጓዴ መሆኑ ቀርቶ እንደ ታመመ ሰው ፊት ግራጫና ሮዝ ሆኖ ተዥጎርጉሯል። መልሼ አጠብኩት። ሌላ ምን ላድርግ?

ቀኑ ደረሰና አሥራ ሰባቱን ይዤ ዘ ሄግ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ስለማመድ ነበር። ጋሽ ዘርኣይ አዲሱ ክፍላቸው ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ከስተዋል። መስኮቱ ደፍ ላይ ቦታ አዘጋጅተዋል፤ አጽድተው ነጭ ጨርቅ አንጥፈውበታል። ለተኪዳን ቆማለች። እኔ የተለማመድኩትን ከመጀመሬ በፊት እሳቸው ጋዜጣውን ፈቱ።

አንዱን መስቀል አነሡት። ሌላውን አነሡት። ቁልፉን ጣታቸው ላይ አጠለቁትና አወለቁት። ኮዳዋን ወዝወዝ አደረጓት። ዝም አለች። እንደገና ወዘወዟት።

«ይኼ የእኔ አይደለም» አሉ።

«የእርስዎ ነው ጋሽ ዘርኣይ። እኔ ትንሽ...»

«የእኔን አውቃለሁ። ይኼ የገበያ ዕቃ ነው፤ ትናንት የተሠራ። የእኔን ለማን ሰጠህ?»

«አጠብኳቸው» አልኩ። «አጥቤአቸው ነው።»

አዩኝ። ሠላሳ ዓመት የመርከብ ሞተር ያዳመጠ ሰው ውሸትና እውነትን በድምፅ ይለያል ብዬ አምን ነበር። «ስድስት ዓመት አብረኸኝ ዞረህ እነዚህን የሚያጥብ ሰው አለ ብለህ ትነግረኛለህ?» አሉኝ። «ልጅ አይደለሁም። ውጣ።»

እንግዲህ ፍረዱ። እውነቱ ከውሸቱ በላይ የማይታመን ነው። ሐበሻ መሐል ወሬ ከትራም ይፈጥናል፤ ለተኪዳን ለአንዷ ነገረች፣ አንዷ ለሌላዋ። በሳምንቱ ቢልመር ለቅሶ ቤት ሄጄ ስቀመጥ ጎኔ ያለችው ሴት የእጅ ቦርሳዋን ከግራዋ ወደ ቀኟ አዛወረች። ንፍሮ አቀረቡልኝ፤ ማንኪያውን ስመልስ አንዲት እናት ተቀብለው በዓይናቸው ሸኙት። በሂሩት ጉባኤም አንድ ወንድም ተነሥቶ ስለ አካን መስበክ ጀመረ፤ ያ ከምርኮው ሰርቆ ድንኳኑ ውስጥ የቀበረው ሰው። «መቅበር» የሚለውን ቃል በደገመ ቁጥር ሰው ወደ በሩ አጠገብ ወንበር ዞር ይላል። ጋሽ ዘርኣይ ዘንድ ሦስት ጊዜ ሄድኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ አላስገቡኝም። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ሶፋው ላይ መቀመጥ ተውኩ። ዲፕሎማውን ማየት አልቻልኩም።

ሂሩት ይህን ሁሉ ስታይ ከረመች። አንድ እሑድ ከጉባኤ ስንወጣ ወደ ቤት በሚወስደው ትራም ፈንታ ወደ ባቡር ጣቢያው መንገድ ጀመረች።

«የት ነው?»

«ዘ ሄግ። አንተ አትናገርም፤ እኔ ነኝ የምናገረው።»

በሩን የከፈተችው ለተኪዳን ናት። ሂሩት ሳትጠበቅ ገባች። ጋሽ ዘርኣይን ከዚያ በፊት አይታቸው አታውቅም፤ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችና ቆማ ጀመረች።

«ጋሽ ዘርኣይ፣ እኔ ለዕቃዎችዎ ፍቅር የለኝም፤ ምስል ያለበት ነገር ቤቴ እንዲገባም አልፈልግም። ስለዚህ ለባሌ ብዬ የምዋሽ አይምሰልዎ። ባሌ ሌባ አይደለም። ሞኝ ነው። አጥቧቸዋል። ያጠበበትን ሽቦ እኔ ነኝ የጣልኩት። ቆሻሻ ነው ብዬ የተናገርኩትም እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔም ነው።»

ጋሽ ዘርኣይ ረዘም ላለ ጊዜ አዩዋት። «ኮዳዋ ውስጥ የነበረው ምን ይመስል ነበር?» አሉ።

«ቢጫ አፈር ነው። ደቃቅ፤ እንደ ጤፍ ዱቄት። ማታ ስገባ ማጠቢያው ሥር ቀርቶ አገኘሁት። አንድ ቅጠል የሚመስል ነገርም ነበረበት። በጨርቅ ጠረግሁት።»

የታመነችው በዚህ ነው። ጋሽ ዘርኣይ ራሳቸው ያንን አፈር አይተው አያውቁም፤ ድምፁን ብቻ ነው የሚያውቁት፤ መልኩን ሊነግራቸው የሚችል ኮዳዋ በታጠበችበት ቤት ያለ ሰው ብቻ ነው። ወደ መስኮቱ ዞሩ። ደፉ ላይ ዕቃዎቹ እንደ ቧንቧ ራስ እያብረቀረቁ ተደርድረዋል፤ የጣሏቸው መስሎኝ ነበር፤ አልጣሏቸውም።

«እኔ ሌባ እንዲሆን ስጸልይ ነው የከረምኩት» አሉ ቀስ ብለው። «ሌባ ቢወስዳቸው የሆነ ቦታ ይኖሩ ነበር።»

ለተኪዳን ወንበር አመጣችልን፤ እኔ ስቀመጥ ጋሽ ዘርኣይ፣ «እጅህን ጉልበትህ ላይ አድርግ» አሉኝ። አደረግሁ።

ከዚያ በኋላ በየእሑዱ እንሄድ ነበር፤ ስማችንም ቀስ በቀስ ጸዳ፣ ማለቴ የእኔ፤ ከሌብነት ወደ ሞኝነት ተሻሻልኩ። ለቅሶ ቤት ሴቶቹ ቦርሳቸውን መልሰው ወደ ጎኔ አደረጉ፤ ሳህን ለማጠብ ስነሣ ግን ሁሉም በአንድ ድምፅ «ተቀመጥ» ይሉኛል። ጋሽ ዘርኣይ ለእኔ ብዙ አያወሩም። የሚያወሩት ለሂሩት ነበር። ይኼ ሚዛን ላይ የሚቀመጥ ክብደት ነው፣ ይኼ የሕፃን መስቀል ነው፣ ይኼ የበር ነው እያሉ ሲነግሯት፣ እሷ ያንን ሁሉ ጥላቻዋን ይዛ፣ እንደ ሕግ ተማሪ ታዳምጣለች፤ አንዳንዴም «ይኼን ያደረጉት ከልባቸው ነው ወይስ ከልማድ?» ብላ ትከራከራቸዋለች። ደስ ይላቸዋል። እኔ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እሰማለሁ። ይቅር አሉኝ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ አላውቅም። ሻይ ይሰጡኝ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ኅዳር መጨረሻ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ዐረፉ። ቀብሩ ላይ ዝናብ ነበር፤ ሰው ብዙ አልመጣም። በሳምንቱ ለተኪዳን አንድ የጫማ ሳጥን ይዛ አራተኛ ፎቅ ድረስ እያለከለከች ወጣች። ሳጥኑ ላይ በጋሽ ዘርኣይ እጅ «ለወይዘሮ ሂሩት» ተብሎ ተጽፏል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንደሚባለው ነው።

ሂሩት ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ ከፈተች። ትመልሰዋለች ብዬ ነበር። አንድ በአንድ አወጣቻቸውና የሳሎኑን መደርደሪያ አጋማሽ ለቀቀችላቸው። ትናንሽ ወረቀት ቆርጣ በየሥራቸው የነገሯትን ጻፈች፦ ማንኪያ፣ ኢዝሚር። የሕፃን መስቀል፣ ቤይሩት። አሥራ ስድስቱን እንዲህ ጨረሰች። አሥራ ሰባተኛዋ አውራ ጣት የማታህል፣ መሐሏ ላይ የተበሳች የነሐስ ነገር ናት። እያገላበጠች ብዙ አየቻት።

«ይኼን ለእኔ አልነገሩኝም» አለች። «አንተ ስድስት ዓመት ከእሳቸው ጋር ነበርክ። ምንድን ናት?»

ነግረውኛል። አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስንመለስ ትራም ውስጥ ከኪሳቸው አውጥተው፣ መዳፋቸው ላይ አድርገው፣ ምን እንደሆነች፣ የማን እንደነበረች፣ ከየት እንዳገኟት ለብዙ ፌርማታ አውርተውልኛል። እኔ የምንወርድበት እንዳያልፈን በመስኮት እያየሁ «እሺ፣ እሺ» እላቸው ነበር።

«አላውቅም» አልኳት።

ወረቀቷን ባዶዋን ከሥሯ አስቀመጠቻት።